ሆድ ስዳስስ የኖርኩባቸው ዓመታት

ዘንድሮ ሥራ አቆምኩ። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቷል፤ ከዚያም በኋላ ጎንደር ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ስረዳ ኖሬ፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ሲለኝ "አሁንስ ይበቃኛል" አልኩ። በስንብቱ ቀን ለስላሳና ኬክ ቀርቦ ስንጫወት አንዲት ወጣት ሐኪም፣ "ሲስተር የሺ፣ አልትራሳውንድ ሳይመጣ በሆድ ውስጥ ያለውን እብጠት በምን ታውቁት ነበር?" አለችኝ።

"በእጃችን ነዋ" አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ ተከትሎኝ ገባ። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም፤ ሱዳን ድረስ የሚሄድ ነው።

በደርግ ጊዜ ከጎንደር ወጣ ባለ የገጠር ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ይፈለግ ነበርና እሱ ከጠፋ በኋላ እኔን ሁለት ጊዜ ቀበሌ ጠርተው "የት ደበቅሽው?" አሉኝ። ሦስተኛውን ጥሪ ቁጭ ብዬ አልጠበቅሁም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ከሚወርዱ ሠራተኞች ጋር ተቀላቅዬ በመተማ በኩል ጋላባት ገባሁ፤ ከዚያም ገዳሪፍ። ገዳሪፍ ላይ የአንድ ጎንደሬ ሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ አስጠጉኝ። እግዜር ይስጣቸውና እንደ ልጃቸው አድርገው አኖሩኝ። ሱቃቸው ውስጥ ሳሙናና ሻይ ቅጠል እየሸጥኩ ዓረብኛ ለመድኩ። ከዓመት በኋላ በኡም ጋርጉር የስደተኞች ጣቢያ ያለው ክሊኒክ አማርኛም ዓረብኛም የምታውቅ ሴት እንደሚፈልግ ሰማሁና ሄድኩ። ደመወዙ ለራስ እንጂ ለሰው የሚተርፍ አልነበረም፤ ግን ሥራ ነበር።

የተቀጠርኩት በአስተርጓሚነት ነው። የማስተረጉምላቸው ሰው ዑስማን ይባላሉ፤ ሁላችንም ዐሚ ዑስማን እንላቸው ነበር፣ "አጎቴ ዑስማን" እንደማለት። ሱዳናዊ ናቸው። ዶክተር አይደሉም፤ የሕክምና ረዳት ሆነው ከገጠር ገጠር ሲዛወሩ ጢማቸው የነጣ፣ ቀጭን፣ ጀለቢያቸው ሁልጊዜ የታጠበ ሰው። አማርኛ ይችሉ ነበር፤ የለቀሙት ግን ከወንድ የእርሻ ሠራተኞች ስለነበር ሴቱንም እንደ ወንድ "ና፣ ተኛ፣ ተንፍስ" ይሉ ነበር። እኔንም እስከ መጨረሻው ድረስ "አንተ" እንዳሉኝ ኖሩ። ሴቶቹ ሲስቁባቸው እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት እንዳስተረጉም ብቻ ነበር የሚፈልጉኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጤና ረዳት እንደነበርኩ ሲሰሙ አንድ ሆዱ ያበጠ ሰው አሳዩኝና "ዳስሰው" አሉኝ። ቆሜ፣ አጎንብሼ፣ የሚያመው ቦታ ላይ ጣቶቼን ተከልኩ። ሰውየው ጮኸ። ሆዱ እንደ ሳንቃ ደረቀ። ዐሚ ዑስማን እጄን ቀስ ብለው አነሱትና፣ "አሁን በሩን ዘጋብህ። ነገ ነው የሚከፍተው" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ሆድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሞቀ ውሃ ይታጠባሉ። የሞቀ ውሃ ከሌለ መዳፋቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ስለ ዝናቡም ስለ ከብቱም እያወሩ ይቆያሉ። ቀዝቃዛ እጅ የነካው ሆድ ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ሆድ ደግሞ ምንም አይነግርህም። ቆመው አይዳስሱም። ዝቅ ያለች በርጩማ ነበረቻቸው፤ እሷ ላይ ሲቀመጡ ክንዳቸው ከሕመምተኛው ሆድ ጋር እኩል ይሆናል። ሕመምተኛውን በጀርባው ያስተኛሉ፣ ጉልበቱን እንዲያጥፍ ያደርጋሉ፣ "የቱ ጋ ነው? በአንድ ጣት አሳየኝ" ይላሉ። ካሳያቸው በኋላ ከዚያ ቦታ ሩቅ ከሆነው ጥግ ይጀምራሉ። ዓይናቸው እጃቸው ላይ አይደለም፤ የሰውየው ፊት ላይ ነው። "አፍ ይዋሻል፣ ሆድም ይዋሻል። ቅንድብ ግን አይዋሽም" ይሉኝ ነበር።

ለጣፊያ የተለየ ሥርዓት ነበራቸው። ጣፊያ ያለው በግራ የጎድን አጥንት ሥር ነው። ሲያብጥ ወደ ታችና ወደ እምብርት ይወርዳል። ጀማሪ የሆነ ሰው ከጎድኑ ሥር ይጀምርና፣ እጁ ያበጠው ጣፊያ ላይ አርፎ ሳለ ጠርዙን ስላላገኘ "ምንም የለም" ይላል። እሳቸው ግን ከቀኝ ብሽሽት ተነሥተው፣ ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር አንድ ጣት ያህል ብቻ ወደ ላይ ወደ ግራ እየተጓዙ፣ ጣፊያው ራሱ መጥቶ ጣታቸውን እስኪነካ ይጠብቃሉ። በኃይል መጫን ክልክል ነው፤ ያበጠ ጣፊያ ሊፈነዳ ይችላል። ጠርዙን ካገኙ በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ ያሰምራሉ፣ ከጎድኑ እስከ መስመሩ በክር ይለካሉ፣ ክሩን ቋጥረው ከካርዱ ጋር ያስሩታል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ክር ይለካሉ። ሰውየው እየዳነ ከሆነ ጣፊያው ስለሚያጥር የድሮው ክር ይረዝምበታል።

ሌላም ነበራቸው። የማንንም ሆድ ሳይነኩ "መጀመሪያ ሽንትህን ሽና" ይላሉ። ይህን እንደ ቀልድ አየው ነበር፤ አንድ የጋላባት ነጋዴ እስኪመጡ ድረስ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቤተሰባቸው በመኪና አምጥቷቸዋል፤ ከእምብርታቸው በታች እንደ ሐብሐብ የወጣ እብጠት አለ፣ ካንሰር ነው ተብሎ ኑዛዜ ሁሉ ተጽፎ አልቋል። ዐሚ ዑስማን አልዳሰሱም፤ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ፣ "ሐጂ፣ ሽንት መቼ ሸኑ?" አሉ።

"ጠብ ጠብ ትላለች።"

"በደንብ የሸኑትስ?"

ሐጂው አሰቡና፣ "ከትናንት ወዲያ" አሉ።

ቱቦ አስገባንላቸው። ከግማሽ ባልዲ በላይ ወጣ። እብጠቱ ዓይናችን እያየ ሟሸሸ። ሐጂው አልሐምዱሊላህ እያሉ አለቀሱ፣ ልጃቸው ደግሞ ኑዛዜውን ከኪሱ አውጥቶ እዚያው ቀደደው። የሽንት መውጫውን የዘጋው ዕጢ ኋላ ገዳሪፍ ላይ ታየላቸው። ለብዙ ጊዜ ብስኩት ይልኩልን ነበር።

አሁን የማይቀለውን ልናገር።

በሁለተኛው ዓመት የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከዐሚ ዑስማን ጋር ወደ ባሱንዳ በኩል ሄድን፤ ለወቅት ሠራተኞች ተብላ በእርሻው መሃል በሳር የተሠራች ጊዜያዊ ክሊኒክ ነበረች። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ከደንቢያ፣ ከአርማጭሆ፣ ከጭልጋ። በዚያ መሃል ዐሚ ዑስማን ልጃቸውን ሊድሩ ኸሽም ኤል ቂርባ ሄዱና ክሊኒኩን ለእኔ ትተውልኝ ቆዩ። ኮራሁ። ሰዉም "ሐኪሟ" ማለት ጀመረ።

ማሩ የሚባል የደንቢያ ሰው ትኩሳት ይዞት መጣ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወረፋው እስከ ማሽላው ዳር ደርሶ ነበር። ተቀምጦ ሳለ ግንባሩን ነካሁት፣ ምላሱን አየሁ፣ የወባ ክኒን ሰጠሁት። ቆላ ውስጥ ትኩሳት ወባ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሰ። ከስቷል። "ሲስተር፣ ደኅና ሆኜ ነበር፤ ተመለሰብኝ። ምግብ ሁለት ጉርሻ ስበላ ያጠግበኛል" አለኝ። አሁን ያን ቃል ስሰማ ብድግ እላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልሰማሁትም። የወባውን ክኒን ደገምኩለት፣ የደም ማነስ መድኃኒት ጨመርኩለት፣ "ጠንከር በል" ብዬ ሰደድኩት። አንገሬቡ፣ ሕመምተኛ የሚተኛበት የገመድ አልጋ፣ ከጀርባዬ ባዶውን ነበር። ይህን መደበቅ አልችልም። ባዶ ነበር። እንዲተኛ ያላልኩት ጊዜ ስለሚወስድብኝ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ አንድ የአገሩ ሰው በትራክተር አመጣው። አፍንጫው ይደማል። ያን ጊዜ አስተኛሁት። እጄን በቀኝ ብሽሽቱ ላይ ገና ሳሳርፍ ጣፊያው እዚያው ነበር፤ እምብርቱን አልፎ የግራውን ሆድ ሞልቶት፤ ሁለት ጉርሻ ያጠግበው የነበረው ለዚያ ነው። ካላዛር ነበር፤ የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው፣ ቶሎ ከተያዘ በአንድ ወር መርፌ የሚድን በሽታ። ወደ ገዳሪፍ ላክሁት። በሦስተኛው ቀን የአገሩ ሰው የማሩን ጋቢ ይዞ ብቻውን ተመለሰ። "ሲስተር፣ ለእናቱ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አለኝ። በትኩሳት ታሞ ሞተ ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። ሙሉ እውነት ግን አልነበረም፤ ያልጻፍኩትን እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ።

ዐሚ ዑስማን ከሠርጉ ሲመለሱ ራሴ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"አስተኛኸው?"

"ሁለቱን ጊዜ አላስተኛሁትም።"

በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፣ "እኔም አንዲት አለችኝ። ፋጢማ ትባላለች። ሠላሳ ዓመቷ ነው ከሞተች። እያንዳንዱን ሆድ ስነካ ታየኛለች። ይሄኛውም ይታይህ፤ እንዲለቅህ አትለምን" አሉኝ።

በማግሥቱ ማለዳ አንገሬቡን ከጀርባዬ አንሥተው በሩ ላይ አጋደሙት። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው አልጋው ላይ ሳይተኛ ወደ ጠረጴዛው ማለፍ አይችልም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ሠራተኞቹ "እንቅልፍ ሊያስተኙን ነው እንዴ?" እያሉ ቀለዱ። እየተኙ ግን አለፉ። በዚያ ወቅት ጣፊያቸው ያበጠውን ሰዎች አንድ በአንድ እየለቀምን አወጣን። መርፌው ያማል፣ ሠላሳ ቀን ይፈጃል፣ ሊጠፉ የሚፈልጉ ነበሩ። እኔ ማታ ማታ ወደ ሠፈራቸው እየሄድኩ እለምን ነበር። ሱሪያቸው ከወገባቸው እየወረደ የመጡ ሰዎች በወሩ መጨረሻ ክራቸው ረዝሞ፣ ቂጣ በወጥ እየጨረሱ ሲሄዱ አየሁ። ሰው ከጥፋቱ በኋላ መሥራት ከቻለ እንደሚኖር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ወደ ኡም ጋርጉር ስንመለስ እኔ አስተርጓሚ መሆኔ ቀረ። ሴቶቹን የምዳስሰው እኔ ሆንኩ። ከጠቅላላው የሥራ ዘመኔ በልቤ ያለችው ሕመምተኛም የመጣችው በተከተለው ክረምት ነው።

ውባለም ትባላለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። እናቷ መንገድ ላይ ሞታባት ከአባቷ ከአያ ቸኮል ጋር ነበር የምትኖረው። አያ ቸኮል የወልቃይት ሰው ናቸው፤ ረዥም፣ ኩሩ፣ ነገር የማይረሱ። ልጅቱ ጌጡ ለሚባል፣ ኸሽም ኤል ቂርባ የመስኖ እርሻ ላይ ትራክተር ለሚነዳ ሰው ታጭታለች። ጌጡ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጣቢያችን ከመጣ ዓመት አልፎታል።

ረፋዱ ላይ መጥታ ሰው ሁሉ እስኪያልቅ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ "ሲስተር፣ በሩን ዝጊልኝ" አለችና ነጠላዋን አነሣች። ሆዷ ወጥቷል።

"እርጉዝ ነሽ ይሉኛል። እኔ ወንድ አላውቅም። አባቴ ከሦስት ሳምንት ወዲህ አንድ ቃል አላናገረኝም። ጌጡም ሰምቶ ቀለበቴን መልሱ ብሎ ደብዳቤ ላከ።"

"እርጉዝ ናት ያለው ማን ነው?"

"እማማ ብርቄ።"

ነገሩ የከበደው ለዚህ ነው። እማማ ብርቄ የጣቢያው አዋላጅ ናቸው። ከሕፃናቱ ግማሹ በእሳቸው እጅ የተወለደ ነው። እሳቸው ውሃ ሲቀዱ ልጅቱን ከሩቅ አይተው "ስድስት ወሯ" ብለዋል፤ እሳቸው ካሉ ደግሞ አለቀ።

ሽንቷን እንድትሸና አደረግሁ። አስተኛኋት። እጄን አሙቄ ከሩቁ ጥግ ጀመርኩ። ከማሕፀኑ በኩል የተነሣ፣ እምብርቷን ያለፈ፣ ለስላሳ፣ ክብ ነገር አለ። በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቀኝ ገፋ ሳደርገው ይሄዳል፣ ወደ ግራም ይሄዳል። ጣቴን ሆዷ ላይ አድርጌ በሌላው ጣቴ መታ መታ አደረግሁ። ውሃ የቋጠረ ሆድ ቢሆን ውሃው ወደ ጎንና ጎን ስለሚወርድ ጎኖቹ የታፈነ ድምፅ፣ መሃሉ የከበሮ ድምፅ ይሰጣል። የእሷ ተገላቢጦሽ ነው፤ መሃሉ የታፈነ፣ ጎኖቹ ከበሮ። በእንጨት ማዳመጫው ደጋግሜ አዳመጥኩ። የልጅ ልብ የለም። የወር አበባዋ አልቀረም። ጡቷ አልተለወጠም። አልፎ አልፎ ግን "እንደ ቢላ ይወጋኛል" አለች።

ዐሚ ዑስማንን ጠራኋቸው። እሷን አስፈቅደው፣ እኔ እጇን ይዤ፣ ቀስ ብለው ዳሰሱ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣ "ልጅ አይደለም። ውሃ አይደለም። ጣፊያም አይደለም። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም" አሉ፤ ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል በሚላከው ወረቀትም ላይ ያንኑ ጻፉ። አላውቅም ብለው ለመጻፍ የማያፍሩ የሕክምና ሰው ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። ወደ ውጭ ይዘውኝ ወጡና፣ "የእንቁላል ማፍሪያ ዕጢ ይመስለኛል። ግንዱ ላይ ከተጠማዘዘ ትሞትብናለች። ዝናቡ ደግሞ መንገዱን ሊዘጋው ነው" አሉኝ።

ስደተኛ ከጣቢያ ለመውጣት ተስሪሕ የሚሉት የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል። ይህን የሚሰጠው ጸሐፊ እህቱ በክሊኒካችን ስለወለደች ወረቀቱ በአንድ ቀን አለቀ። ያላለቁት አያ ቸኮል ናቸው። ራኩባቸው፣ በደጃቸው ያለው የሳር ዳስ፣ ሥር ጥላው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"አያ ቸኮል፣ ልጅዎ ታማለች። እርጉዝ አይደለችም።"

"አንቺ ምን ታረጊ፣ ልጅ ነሽ፤ ታዝኛለሽ። ብርቄ ናት ያለችው።"

"እማማ ብርቄ ከሩቅ ነው ያዩዋት። እኔ ዳስሻታለሁ።"

"ገዳሪፍ ከሄደች አስወርዳ መጣች ይሉኛል። እዚህ ከቀረች ወለደች ይሉኛል። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?"

"ከቀረች ትሞታለች።"

ፊታቸውን አዞሩ። ግን ሲያዞሩ ቅንድባቸው ሲርገበገብ አየሁ። አባት ነበሩ፤ የፈሩት የሰው አፍ ነው።

መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድኩና እማማ ብርቄ ቤት ገባሁ። ልወቅሳቸው አልፈለግሁም፤ ብወቅሳቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር።

"እማማ፣ አንድ ሆድ ቸግሮኛል። የእርስዎ እጅ ከእኔ እጅ ይበልጣል። ይምጡና ይርዱኝ።"

"የማን ሆድ?"

"የውባለም።"

ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ።

ክሊኒኩ ውስጥ ስድስት ወር የሆናት ሌላ ሴት ለምርመራ መጥታ ነበርና ፈቅዳልን ከውባለም ጎን አስተኛናት። እማማ ብርቄ ሳልነግራቸው እጃቸውን አፋተጉ፤ እሳቸውም ያውቁታል። መጀመሪያ የእርጉዟን ሆድ ያዙ። "ይሄው ጭንቅላቱ። ይሄው ጀርባው። ይቺ ተረከዙ ናት፣ ትራገጣለች" አሉ ፈገግ ብለው። ከዚያ ወደ ውባለም ዞሩ። እጃቸው ሄደ፣ ተመለሰ። ወደ ታች ወረደ። ጭንቅላት ፈለጉ፣ ጀርባ ፈለጉ። ፈገግታቸው ጠፋ። ክቡን ነገር ወደ ጎን ገፋ አደረጉት፤ ተንሸራተተ። እጃቸውን ለረዥም ጊዜ እዚያው አቆዩት። ውባለም ጣራ ጣራውን ታያለች፣ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

"ልጄ" አሏት በመጨረሻ፣ "አንቺን የገደልኩሽ እኔ ነኝ?"

"ገና አልሞትኩም፣ እማማ" አለች ውባለም።

እማማ ብርቄ ወጡ። እኔ ወደ ቤታቸው የሄዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በቀጥታ ወደ ውሃ ወረፋው ሄዱ፤ ረፋድ ላይ የጣቢያው ሴት ሁሉ ጀሪካን ደርድሮ የሚቆምበት ቦታ ነው። እዚያ መሃል ቆመው፣ "ስሙኝማ!" አሉ፣ እስከ ክሊኒኩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። "የቸኮልን ልጅ ስድስት ወሯ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ዛሬ በዚህ እጄ ይዤዋለሁ፤ ልጅ አይደለም፣ በሽታ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስሟን የሚያነሣ ሰው በእኔ እጅ አይወልድም!"

ከሴቶቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ እስከ ዛሬ ብዙ ሐኪም አውቃለሁ፤ እንዲያ ያለ ድፍረት ግን ደጋግሜ አላየሁም።

አያ ቸኮል ሲሰሙ፣ "አልከለክልም፤ ግን አብሬ አልሄድም" አሉ። እሱም በቃን።

በማግሥቱ ሎሪ ላይ ወጣን፤ ውባለም፣ እኔና እማማ ብርቄ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ሲርስ እንደ ሊጥ ነው። ሁለት ጊዜ ሰምጠን በትራክተር ተጎተትን። ሎሪው በተንገጫገጨ ቁጥር እማማ ብርቄ ውባለምን በሁለት እጃቸው አቅፈው ሆዷን ይደግፉ ነበር። ሲመሽ ገዳሪፍ ደረስን። ሐኪሙ የዐሚ ዑስማንን ወረቀት አነበበና፣ "አላውቅም ብሎ የጻፈው ማነው? ይህን ሰው ብተዋወቀው ደስ ይለኝ ነበር" አለ። በማግሥቱ ቀዶ ጥገና አደረገላት። የወጣውን ዕጢ በሳፋ አሳየን፤ ከአንድ ትልቅ ሐብሐብ ይበልጣል፣ ግንዱ ላይ አንድ ጊዜ ተጠማዝዞ መጥቆር ጀምሯል። "ሁለት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ..." አለና አልጨረሰውም። ሌላው እንቁላል ማፍሪያዋ ደኅና ነው፣ መውለድም ትችላለች አለን። እማማ ብርቄ እልል ሊሉ ሲሉ አፋቸውን ያዝኩ፤ ያለነው የሕመምተኞች ክፍል ነው።

በሁለተኛው ቀን ውሃ ልገዛ ስወጣ ከሆስፒታሉ በር ውጭ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ አንድ ረዥም ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ተቀምጧል። አያ ቸኮል ናቸው። መንገዱ ተቆርጦ ሎሪ ስላጡ አብዛኛውን በእግራቸው ነው የመጡት።

"አለች?" አሉኝ።

"አለች። ትጠይቅዎታለች።"

"ልግባ?"

"ይግቡ እንጂ።"

አልገቡም። እጃቸውን በፊታቸው ላይ አድርገው እዚያው ተቀመጡ። እኔም ውሃ መግዛቴን ትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቆይተው ነው የገቡት።

ከዚያ በኋላ እማማ ብርቄ በየሳምንቱ ክሊኒክ እየመጡ ከእኛ ጋር ይዳስሱ ነበር። ስለ ሽል አቀማመጥ እኛ ከእሳቸው ተማርን፣ ስለ ጣፊያ እሳቸው ከእኛ። ዐሚ ዑስማን ጡረታ ወጥተው ቂርባ ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ ክሊኒኩን ለእኔና ለአንድ ሱዳናዊ ነርስ አስረከቡን፤ በኋላ እዚያው በእርጅና ማረፋቸውን ሰማሁ። ደርግ ሲወድቅ አገሬ ገባሁ፤ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። የምጸጸትበት አንድ ነገር አለ፤ ቀደም ብዬ ተናግሬዋለሁ። ከዚያ ውጭ የሥራ ዘመኔን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አንዱን ቀን ግን ሳልነግራችሁ አላቆምም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ጌጡ እውነቱን ሰምቶ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ፣ አንድ ጆንያ ስኳርና የልብስ ጨርቅ ይዞ ከቂርባ መጣ። አያ ቸኮል ጠሩኝና ራኩባው ሥር ተቀመጥን። አንደኛው ሽማግሌ፣ "ሰይጣን በመሃል ገብቶ ነበር፤ አሁን ወጥቷል። የነበረው እንዳልነበረ ይሁንና ሠርጉን እንቁረጥ" አሉ። ጌጡ አንገቱን ደፍቷል። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነበር።

ውባለም ውሃ ይዛ መጣች። ካስቀመጠች በኋላ ግን አልሄደችም።

"አባዬ፣ እኔ ልናገር?"

አያ ቸኮል ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጌጡ፣ ከቂርባ እዚህ በሎሪ ምን ያህል ነው?"

"ግማሽ ቀን" አለ።

"አንድ ቀን መጥተህ 'ውባለም፣ ምን ሆንሽ?' ብትለኝ ኖሮ፣ ያልኩህን ባታምነኝ እንኳ፣ ዛሬ ሠርጉን እንቁረጥ ስትል እሺ እል ነበር። ግማሽ ቀን አጣህልኝ። እኔ ደግሞ ልሞት ሁለት ቀን ነበር የቀረኝ። ቀለበትህን ወስደሃል፤ ስኳሩንም ውሰድ።"

ሽማግሌው ወደ አያ ቸኮል ዞሩ። "ቸኮል፣ ልጅህን ምከራት እንጂ!"

አያ ቸኮል መሬት መሬቱን እያዩ፣ "ምን ብዬ ልምከራት?" አሉ። "እኔስ መቼ ጠየቅኋት? አንድ ቤት እያደርን አልጠየቅኋትም።" ከዚያ ብድግ ብለው ጆንያውን ወደ ትከሻቸው አነሡና "እንግዲህ ሰምታችኋል" ብለው ሎሪዎቹ ወደሚቆሙበት መንገድ መሄድ ጀመሩ።

ውባለም ከኋላቸው ሮጠች። "አባዬ፣ ወገብህን! ተው፣ በአንድ በኩል ልያዝልህ!"

"አንቺ ዞር በይ!" አሉ አያ ቸኮል ሳይዞሩ። "ቁስልሽ ገና በቅጡ አልጠገገም፤ ሂጂ ተኚ!"